ቆርቆሮ የለበሰው ጣውላ

እኔ ሰው የማላምን ሴት ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የማወራው ሁሉ የሌላ ሰው ጥፋት ይመስላችኋል። እኔም ለተወሰኑ ቀናት እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ስሜ ወይንሸት ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። አባቴ በመምህርነት ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔ እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ አገባሁ፣ እዚሁ ፈታሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰፋሁት በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ነው። ደንበኛ ጨርቅ ሲያመጣ ፊቱ ለክቼ እቀበላለሁ፤ ልብሱን ሲረከብም ቁርጥራጩን ፊቱ ዘርግፌ አሳያለሁ። በኋላ ጎደለ እንዳይሉኝ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን ሁሉም ሰው እንደ እኔ ተጠራጣሪ ስለሚመስለኝ ነው። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩ በየት አዙሮ ሊያስከፍለኝ እንደሆነ አሰላለሁ። ጎረቤት ሽሮ ቢልክልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። የሰፈሩ ሰው "መርማሪዋ" የሚል ስም አውጥቶልኝ ፊት ለፊት ይጠራኛል። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም እኮራበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት አንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ አዘዘኝ። መስከረም ሳይጠባ ለማድረስ ስድስት ሴቶች መቅጠር ነበረብኝ፤ በረንዳዬ ደግሞ ስድስት ሴት አይችልም። ከገበያው ወደ ታች ስንወርድ ሥራ ያቆመ ወፍጮ ቤት አለ። ባለቤቱ ሞተሩን ነቅሎ ሸጦታል። የቀረው ዱቄት የጠጣ ግድግዳ፣ ሦስት ቦታ የሚያፈስ ጣሪያና ማንም ሊያነሳው ያልፈለገ የወፍጮ ድንጋይ ነበር። ቤቱን ተከራየሁና በአሮጌ ዕቃ ላደራጀው ወሰንኩ፤ የአዲሱን ዋጋ የምችል ሰው አልነበርኩም።

አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ ከጀመርኩ በኋላ ከተማው ሌላ ሆኖ ታየኝ። የሚፈርስ አጥር ባየሁ ቁጥር ቆሜ እጠይቃለሁ። ለጣሪያው መጠገኛ ከፈረሰ ቤት የወጣ ቆርቆሮ አገኘሁ። ቡና ከሚሰጣበት አሮጌ አልጋ ላይ የተነሳ ሽቦ ግድግዳው ላይ ወጥሬ የክር መስቀያ አደረግሁት። የቡና ጆንያ ተርትሬ፣ አጥቤ፣ በእንጨት ላይ ወጥሬ ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩበት። ያለቀ የባጃጅ ጎማ አስቆርጬ የስፌት መኪኖቹ እግር ሥር አደረግሁ፤ የስድስት መኪና ጩኸት ቀላል አይደለም። የወፍጮ ድንጋዩን አራት ሰዎች አንከባለው ደጃፉ ላይ ጣሉልኝ፤ የጭቃ መጥረጊያ ሆነ። የቀረው የእንጨቱ ሥራ ነው። መደርደሪያ ያስፈልገኛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ረጅም የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ያስፈልገኛል።

ለዚህ የያዝኩት አናጢ ማሞ ይባላል። የቤንች ሰው ነው፤ እድሜያችን ይቀራረባል፤ የአንድ እድር አባላትም ነን። አሮጌ እንጨት እንደ እሱ የሚያውቅ አላየሁም። ምስማሩን አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ ያቃናል፣ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅማል። ጣውላውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳና ጆሮውን ያስጠጋል፤ ከዚያ ይሄኛው ደህና ነው፣ ይሄኛው ውስጡን ተበልቷል ይላል። እኔ ታዲያ እሱ ምሳ ሲሄድ በቆርቆሮው ውስጥ ያሉትን ምስማሮች እቆጥር ነበር። ጣውላዎቹን በጠመኔ ምልክት አደርግባቸው ነበር። አንድም ቀን አንድም ነገር አልጎደለም፤ እኔ ግን ዘዴውን ገና ስላልደረስኩበት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ለጠረጴዛው የሚሆን ጣውላ ማሞ ራሱ ከፈረሰ የቡና መጋዘን ሰብስቦ ጓሮው አስቀምጦልኛል። ነገር ግን የአንድ ሰው ጣሪያ ሊጨርስ ለሁለት ቀን ቴፒ ሄደ። እኔ መታገስ አልቻልኩም። ሐሙስ ጠዋት ባለጋሪ ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱን አልማዝን በር ላይ አገኘኋት፤ ጎደሬ በቅርጫት ሞልታ ወደ ገበያ ልትወጣ ነው። አልማዝ የጌጫ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ስትናገርም አንድ ጊዜ ብቻ የምትናገር ሴት ናት። ማሞ ነግሮኛል አለችኝ። ከጓሮ የኮባ ቅጠል የለበሰው ያንቺ ነውና ውሰጂ ብላ ቅርጫቷን ተሸክማ ሄደች።

በደንብ ሰማኋት። የሰማሁትንም በደንብ ተረድቼዋለሁ።

ጓሮ ስገባ ሁለት ክምር ጣውላ አየሁ። አንዱ የኮባ ቅጠል ለብሷል፤ ጠባብ፣ የጠቆረ፣ የምስማር ቀዳዳ የበዛበት ጣውላ ነው። ሁለተኛው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆርቆሮ ለብሶ ተቀምጧል። ቆርቆሮውን አነሳሁት። ስምንት ሰፋፊ የዋንዛ ጣውላዎች ናቸው፤ ጭቃና ጥላሸት ይዟቸዋል እንጂ ወፍራምና ቀጥ ያሉ ናቸው። ጫፍና ጫፋቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። እነሆ ያዝኩህ አልኩ በልቤ። ይህ ሰው ከመጋዘኑ የወጣውን ምርጡን ለሌላ ደንበኛ አስቀምጦ ለእኔ ውዳቂውን ሊሰጠኝ ነው። ለሌላ ሰው ባይሆን ምን ቆርቆሮ ያለብሰዋል?

ስምንቱንም አስጫንኩ። ቦታው ባዶ ሆኖ እንዳይታይ ደግሞ የኮባ ቅጠል የለበሰውን ክምር ከባለጋሪው ጋር አንስተን ቆርቆሮው ሥር ደረደርነው። ቅጠሉን ወደ ኮባው ግንድ በተንኩት። ሲመጣ ለብልጠቱ ይሄው ይድረሰው ብዬ እየሳቅሁ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማሞ ከቴፒ መጣ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ስምንቱን ጣውላ ሲያይ የያዘውን መጋዝ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ገለበጠና መልሶ ደፋው። እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ እስቲ ምን ይል ይሆን ብዬ ነው።

"ይሄን ማን ሰጠሽ?" አለኝ።

"ሚስትህ ናታ።"

ይህችን ሁለት ቃል ስናገር ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም። አልማዝ ውሰጂ ብላኝ የለ? ማሞ ግን መጋዙን አንስቶ ሄደ። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራም።

ሰኞ ሲመጣ ፊቱ ያልተኛ ሰው ፊት ነበር። ይሄ ጣውላ ይቅርና ሌላ ላምጣልሽ አለኝ። የባሰ ጠረጠርኩ። ገዢው መጥቶበት ነው፣ አሁን ጨንቆት ነው አልኩ። አይሆንም፣ ከዚህ ጣውላ ሌላ አልፈልግም አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ ሥራውን ጀመረ፤ አሠራሩ ግን ሌላ ሆነብኝ። አንዱንም ጣውላ በመጋዝ አልነካም። ምስማርም አልመታም። ከሥር ባላ ሠርቶ ጣውላዎቹን እንዳሉ ጎን ለጎን ደርድሮ በብሎን አሰራቸው። ይሄ ነገር ተፈትቶ ሊወሰድ የተዘጋጀ ነው እኮ አልኩት። አይወድቅም፣ አትፍሪ አለኝ። ማታ ቁልፉን ቀይሬ አዲስ ጓጉንቸር አንጠለጠልኩ፤ ለእሱም ተለዋጭ ቁልፉን አልሰጠሁትም።

ረቡዕ ንጋት ላይ የእድራችን ጡሩንባ ተነፋ። የሞቱት ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ የእድሩን ንብረት የሚይዙት ሽማግሌ። በዋዜማው ገበያ አይቻቸዋለሁ፤ በድንገት ነው የሄዱት። ድንኳኑንም፣ ብረት ድስቱንም፣ አግዳሚ ወንበሮቹንም የሚያስቀምጡት እሳቸው ነበሩ፤ ቁልፉም ከእሳቸው ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ልጃቸው እያለቀሰ መጋዘኑን ሲከፍት ድንኳኑ ወጣ፣ ድስቱ ወጣ፣ ወንበር ግን ጎደለ። ተቆጠረ። ስምንት አግዳሚ የለም።

ለቅሶተኛው ግማሹ ጭቃ ላይ ቆመ። የወንበር ጠባቂው ለቅሶ ላይ መቀመጫ ወንበር ጠፋ ብለው ሰዎች ይንሾካሾኩ ጀመር። ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ ሽማግሌው ሸጠው ይሆን የሚል ወሬ ከድንኳኑ ጥግ ተነሳ። እኔም አልተኛሁም፤ እያንዳንዱን ፊት እያየሁ ማን ሊሆን ይችላል እል ነበር። ማሞ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን ሲወጥር ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ያንንም አየሁ፣ ያዝኩት።

ከቀብር መልስ ወፍጮ ቤቱ ገባሁ። ጠመኔዬ ከጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ከሥር ገባብኝና በጉልበቴ ተንበርክኬ ስፈልገው ቀና አልኩ። ከጠረጴዛው ሥር፣ በጣውላው ሆድ ላይ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ክብ አለ፤ በክቡ መሐል ቁጥር። ቀጥሎ ያለውም ላይ አለ። በስምንቱም ላይ አለ። የእድራችን ምልክት ነው፤ ብረት ድስቶቹም ላይ አለ። አራት ማዕዘን ቀዳዳዎቹም የወንበር እግር የሚገባባቸው ነበሩ። ዐሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር ከላይ እንጂ ከሥሩ አይቼው ስለማላውቅ ሳላውቀው ቀረሁ።

 አሁን አስቡት፤ የእድሩን ወንበር ቆራርጣ ጠረጴዛ አደረገች ቢባል ከመዝገብ እሰረዛለሁ። ከእድር የተሰረዘ ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንኳን የሚተክልለት የለም፣ ሬሳውን የሚሸከምለት የለም። እናቴ ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ አልጋ ላይ ያለች ሴት ነበረች። የፈራሁት ለእሷ ነበር። ፍርሃቴ ግን ብዙም አልቆየም፤ ወዲያው ንዴት ሆነ። ሌባው ማሞ ነው፤ ለዚያ ነው ምልክቱን ወደ ታች ደፍቶ የሠራው፣ ለዚያ ነው ይቅር ያለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ስጠረጥር ኖሬ በመጨረሻ አንድ እውነተኛ ሌባ ያዝኩ። እውነቱን ልንገራችሁና ትንሽ ደስ ብሎኛል።

ቀድሞ የተናገረ ይታመናል ብዬ በዚያው ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ግርማ ቤት ሮጥኩ። ወንበሮቹ ማሞ ጓሮ ነበሩ፣ ቆርቆሮ አልብሶ ደብቋቸው ነበር፣ ለእኔ የመጋዘን ጣውላ ነው ብሎ ሊሠራልኝ ነበር አልኳቸው። እኔ ራሴ መርጬ እንደጫንኩ አልነገርኳቸውም። ክምሩን እንደቀያየርኩማ ጭራሽ ትዝም አላለኝ። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ነገ ከሰልስቱ በፊት ሽማግሌ ይሰበሰባል አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት ከድንኳኑ ጀርባ አምስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማሞን ጠሩት፣ እኔንም ጠሩኝ። ጋሽ ግርማ ነገሩን እኔ እንዳልኩት ተናገሩና ምን ትላለህ አሉት።  ማሞ የአማርኛውን ቃል አንድ በአንድ እየፈለገ ተናገረ።

"ጋሽ ተሰማ ለጥገና ነው የሰጡኝ። እግሮቹ ተበልተው ነበር። እግሩን ነቅዬ ጣውላውን ጓሮ አስቀመጥኩ። አዲስ እግር እየሠራሁ ነበር።"

"እና እንዴት ጠረጴዛ ሆነ?" አሉት።

"እኔ ነው የሸጥኩ። ለወይንሸት እኔ ነው የሸጥኩላት።"

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዚያ ስብሰባ ከራሱ ከማሞ በቀር ወንበሩን እንዳልሸጠልኝ በእርግጠኝነት የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ነኝ። ማሞ ጣውላውን አልሸጠልኝም። ሊሸጥልኝ ቀርቶ ልመልሰው ብሎ ለምኖኛል። ያልሠራውን ጥፋት ለምን በራሱ ላይ ይወስዳል? ወዲያው "ሚስትህ ናታ" ያልኩት ነገር ጆሮዬ ላይ ደወለብኝ። ይህ ሰው ሚስቴ ሸጠችው ብሎ አምኗል። ቤቱ ሄዶ ቆርቆሮውን ሲያነሳ ሥሩ ሌላ ጣውላ አግኝቷል። ያንን የሚለዋውጥ የቤት ሰው ካልሆነ ማን ነው? ሚስቱን ሌባ እንዳይሏት ራሱን ሌባ አደረገ።

በአንድ ቅጽበት ሁሉም ገባኝ። መናገር ነበረብኝ። ግን እናቴ ትዝ አለችኝ፣ መዝገቡ ትዝ አለኝ፣ "መርማሪዋ" የሚለው ስሜ ትዝ አለኝ። ጋሽ ግርማ ወደ እኔ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉኝ። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

የማሞ ስም ከመዝገብ ተሰረዘ። የጋሽ ተሰማ ስም በመንጻቱ ልጃቸው እፎይ ብሎ አለቀሰ። ማሞ ተነስቶ ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳና ሄደ፤ ወደ እኔ አላየም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል አልቀመስኩም። ነገ እናገራለሁ እላለሁ፣ ደግሞም ምን አገባኝ እሱ ራሱ ነው ያመነው እላለሁ። ሌላ ሰው ላይ ሁልጊዜ የምጠረጥረው ክፋት ይሄ ነበር፤ እኔ ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

አርብ ጠዋት ወደ መናኸሪያው አካባቢ የልብስ ቁልፍና ክር ልገዛ ስሄድ አልማዝን አየኋት። በነጠላ የቋጠረችውን ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ የቴፒ ሚኒባስ ትጠብቃለች። ዓይኗ አብጧል። አጠገቤ ያለች፣ የእነሱ ጎረቤት የሆነች ሻይ ሻጭ ነገሩን ነገረችኝ። ማሞ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል አሉ፤ ሁለት ጊዜ አልሸጥኩም ብላዋለች፤ አላመናትም፤ ወደ ወንድሟ ጌጫ መሄዷ ነው። እኔ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ተሸሸግሁ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት ከባጃጅ ጀርባ ጎንበስ ብዬ መኪናው እስኪሄድ ጠበቅሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ክሩን ሳልገዛ ቀጥታ ጋሽ ግርማ ቤት ሄድኩ። ማሞንም ያስጠሩልኝ አልኳቸው። እስከ ቅዳሜ ይቆይ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ እስከ ቅዳሜ ድፍረቴ እንደማይቆይ አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተጠራርተው መጡ፣ ማሞም መጣ። ሁሉንም ተናገርኩ። የኮባ ቅጠሉን፣ ቆርቆሮውን፣ ቦታው ባዶ እንዳይመስል ጣውላውን እንዴት እንደቀየርኩት፣ ከባለጋሪው ጋር እየሳቅሁ እንደወጣሁ ጭምር ተናገርኩ። 

 "ትናንት ሰው ሲሰረዝ ቁጭ ብለሽ አየሽ?" አሉኝ ጋሽ ግርማ።

"አዎ ጋሼ።"

 የማሞን ስም በዚያው መልሰው ጻፉ። እኔን ደግሞ ጠረጴዛውን በእጄ ፈትቼ ወንበሮቹን እንድመልስ፣ ቀጥሎ በሚመጡ ሦስት ለቅሶዎች ውኃ እንድቀዳ ፈረዱብኝ። የእናትሽ አልጋ ላይ መዋል ነው ያዳነሽ አሉኝ። ማሞ ይሄ ሁሉ ሲሆን አልተቆጣም፣ አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። 

"ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፣" አለ በኋላ። "ሁለት ጊዜ አይደለም አለችኝ።"

ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ። ተነስቶ ወጣ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ለማንም ሳልናገር ቴፒ ወረድኩ፤ ከቴፒ በጌጫ በኩል ወደ ማሻ የሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። መንገዱ ሽቅብ ነው። ከቡናው ጥላ ወጥተን ቀርከሃው ውስጥ ስንገባ ጉም ወረደ፤ ብርዱ አጥንቴ ገባ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን አጠና ነበር። ማሞ እንደተጸጸተ፣ እድሩ ስሙን እንደመለሰ፣ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ እንደሆነ እነግራታለሁ፤ አልቅሼም ቢሆን ይዣት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የደከምኩበትን ያህል ነገሩ የሚስተካከል መስሎኝ ነበር።

ጌጫ ወርጄ የወንድሟን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። አልማዝ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጎደሬ ትልጣለች። ስታየኝ ቢላዋውን አላስቀመጠችም። ቁጭ በይም አላለችኝም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳት። በሠራሁት ሁሉ አልተገረመችም፤ ክምሩን መቀያየሬን ስነግራት ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

"ማሞ ነው የላከሽ?" አለችኝ።

ውሸት መጣልኝ፤ በአፌ ጫፍ ነበረች። አዎ ብላት ምናልባት ትነሳ ነበር።

"አይደለም። መምጣቴንም አያውቅም።"

"እሱስ አሁን አመነ?"

"አምኗል። ሁሉንም ነግሬዋለሁ።"

አልማዝ የላጠችውን ጎደሬ ውኃው ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሳች። "እኔ እውነቱን ነግሬው ነበር፣" አለች። "ካንቺ ሰምቶ ካመነኝ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?"

  ደህና ሁኚ ብያት ወደ መንገዱ ወጣሁ። ማሻ ደርሶ የሚመለስ መኪና እስኪመጣ ጉሙ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእሷ ይሁን ለራሴ እስካሁን አላውቀውም። ስጠረጥር የኖርኩት ራሴን ለመጠበቅ መስሎኝ ነበር። ምንም ያላጠፋች ሴት ትዳር ውስጥ ያንን ጥርጣሬ በሁለት ቃል አስገብቼ፣ አሁን በሺህ ቃል ላወጣው አልቻልኩም።

ጠረጴዛውን በእጄ ፈታሁ። ብሎኖቹ በቀላሉ ወጡ፤ ማሞ ያሰራቸው ጣውላዎቹ ሳይጎዱ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ አስቦ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ተፈትቶ ሊወሰድ የተዘጋጀ ነው ያልኩት ሥራው ነው። የኮባ ቅጠል ለብሶ የነበረውን ጣውላ ወስጄ በሌላ አናጢ ጠረጴዛ አሠራሁ። ጠባብ ጠባቡ ሲገጣጠም ሰፊ ሆነ፤ ስድስቱ ሴቶች ዛሬም ይቆርጡበታል። የደንብ ልብሱን አምስት ቀን አሳልፌ አስረከብኩ። ሦስቱን ለቅሶ ውኃ ቀዳሁ፤ ሦስተኛው የእናቴ ነበር፤ ጋሽ ግርማ ባልዲውን ከእጄ ወስደው ተቀመጪ አሉኝ።

ማሞ ወደ ጌጫ ሄደ። ከእኔ በኋላ በአራተኛው ቀን ነው አሉ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የወንድሟን አጥር አጥሮ ጨረሰላቸው፤ ከዚያ አብረው ተመለሱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ለመጠየቅም መብት የለኝም። ሲሄዱ አያቸዋለሁ፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። እንደ ድሮው ናቸው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከሩቅ አይታወቅም እላችኋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ ወዲህ ሰው ሁሉ ታማኝ ነው ብዬ አልሰብክላችሁም። እኔም ጨርሼ አልዳንኩም፤ አሁንም ባጃጅ ውስጥ መንገዱን እቆጥራለሁ። አሁን ግን የጠረጠርኩትን ሰው ፊት ለፊት እጠይቃለሁ፣ የሚመልስልኝንም እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ያን ጠዋት ጓሮ ቆሜ የማሞን መምጣት ብጠብቅ፣ "ቆርቆሮ የለበሰው የማን ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ በአንድ ቃል ይመልስልኝ ነበር። የእድሩ ነው ይለኝ ነበር። ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር።

አልማዝ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች። እኔም እመልሳለሁ። ለበዓል ልብስ ማሰፋት ሲያምራት ግን ጨርቋን ይዛ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ታልፍና ከእኔ ሦስት በር አልፎ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ትገባለች። ጨርቋን ፊቷ ብለካውም አታምነኝም፤ አልፈርድባትም።